ጅማት የሚመረምረው አራጅ

በየሰፈሩ ለነገር ሁሉ «እንዴት ሆነ?» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም። ሸዋ ሮቢት ላይ ግን አላህ ይህን ሰው ለናፊሳ ባል አድርጎ ሰጣት።

ሊቁ አብዱልሀኪም መተዳደሪያው ፍየል ማረድ ነበር። ምርምር የጀመረው ገና ትኩስ የሆነ ጭን ላይ ጨው ሲነሰንስ ሥጋው ስለተንፈራገጠበት ነው። ሌላ አራጅ ቢሆን ቶሎ ይሸጠው ነበር። እሱ ቢላዋውን አስቀምጦ «ጭንቅላቱ ያውና እዚያ ማዶ። ታዲያ ይሄን እግር ማን ነገረው?» አለ። ገዢዋ ሥጋውን ትታ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ ጎረቤት ሰላም አላገኘም። ሰው ጥላ ሥር ጋደም ካለ ሊቁ በጭራሮ ውስጥ እግሩን ይነካዋል። «አያችሁ? እሱ ሳይነቃ እግሩ ሸሸ» ይላል። የተነካው ሰው የሚለው እዚህ አይጻፍም።

ቀጥሎ መደንዘዝን ያጠና ጀመር። የግመል ኮርቻ እንጨት ላይ በአንድ ጭኑ ተቀምጦ ይውላል። ሰዓት ስለሌለው የሚለካው በፍየል ነው፤ ሁለት ፍየል እስኪታለብ እግሩ ይደነዝዛል፣ አንዷ እስክትታለብ ይነቃል። አላቢዋ ናፊሳ ናት። «አትቸኩይ፣ ልኬቱን ታበላሺብኛለሽ» ይላታል። እንዴት ቻልሽው ሲሏት «ወዴት ልሂድ?» ትላለች።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ለጣርማ በር መንገድ ሥራ ወንዶች ይለቀሙ ጀመር። ከሰፈሩ ከሄዱት ሦስቱ አልተመለሱም። የናፊሳ ታናሽ ወንድም ሷሊሕም ተጠራ። ሽባ ነኝ የሚለውን ሁሉ የጣሊያኑ ሐኪም ውስጥ እግሩን በመርፌ ይወጋዋል፤ እግሩን የሰበሰበ ከዚያው ይወሰዳል።

«ወንድምሽ እግሩን ልያዝ ቢል አይችልም» አላት አብዱልሀኪም። «እግር ትእዛዝ አይሰማም። ማደንዘዝ ነው።»

ሷሊሕን ግመል ላይ፣ የኮርቻውን እንጨት በግራ ጭኑ ሥር አድርጎ አስቀመጠው። ከናፊሳ ጋር ሦስት ሆነው የጣሊያኑ ጦር ሰፈር ሲደርሱ ሐኪሙ ምሳ ላይ ነበር። አስተርጓሚው ውረድ ቢለው አብዱልሀኪም «ሽባ ነው ጌታዬ፣ አውርጄ ማን ይሰቅልልኛል?» ብሎ አቆየው። ሐኪሙ ብቅ ሲል አወረደው። ናፊሳ የግመሉን ገመድ ያዘች።

መርፌው ግራ እግሩን ወጋ፤ ሷሊሕ ሰማይ ላይ ጭልፊት ያያል። ቀኙን ሲወጋው ጮኸ። ሐኪሙ አይረባም፣ ወደ ቤቱ ውሰዱት ብሎ እጁን አወናጨፈ።

ሊቁ ግን አልሄደም። «እስቲ ጠይቅልኝ» አለ አስተርጓሚውን፣ «ተረከዙን ነው የወጋው ወይስ ጣቱን?»

ናፊሳ የባሏን እግር ረገጠች። እሱም ሷሊሕን አዝሎ ወጣ፤ እሷ ግመሉን እየሳበች ተከተለች።

«የትኛው ጣትህ ነው ቀድሞ የነቃው?» አለ ገና ዘበኛው አጠገብ።

«ጋሼ፣ በአላህ ዝም ይበሉ፣ ይሰሙናል።»

«ንገረኝማ፣ አትደብቀኝ።»

«ትንሿ» አለ ሷሊሕ በጥርሱ መሃል፤ እግሩን እንደ ጉንዳን እየወረረው።

መታጠፊያውን ሲያልፉ ሷሊሕ ወርዶ በሁለት እግሩ ሮጠ። አብዱልሀኪም ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል። ናፊሳ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ፈርቶ ነበር።

«እይ» አላት በደስታ። «ጉልበቴን ቁም ብዬ ባዝዘው እንኳ አልሰማ አለኝ።»

ልትይዝለት እጇን ዘረጋች።

«አትንኪው፣ ይበላሻል።»

እጇን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች፤ መንቀጥቀጡ እስኪቆምም ድረስ አብራው አየች።