የአባ ገላና ነጭ ክር

በየትኛውም ከተማ፣ እግሩ ያልረገጠውን አገር ተቀምጦ የሚያስጎበኛችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። የሩቁን አገር አደባባይ ከሰፈሩ ቦይ አብልጦ ያውቃል። የአውሮፕላኑን መቀመጫ ጥበት ይነግራችኋል፤ እሱ ራሱ ግን ከአውቶቡስ ሌላ አልተሳፈረም። የእኛ የጅማው ከሁሉም ይልቃሉ፤ ምክንያቱም የሚያስጎበኙን ባሕር ነው።

ክቡር ጋሽ ኢስሃቅ በከተማችን መርካቶ ልብስ ሰፊ ናቸው። ከስፌት መኪናቸው በላይ አንዲት ትንሽ ቴሌቪዥን ተሰቅላለች፤ ከዜናም ከኳስም ይልቅ የባሕር ዳር መዝናኛ የሚያስተዋውቁ ፕሮግራሞችን ታሳያለች። ነጭ አሸዋ፣ ዘንባባ፣ በሳር ባርኔጣ ሥር ተጋድሞ የሚስቅ ሰው። ጋሽ ኢስሃቅ ወገባችሁን ሲለኩ ዓይናቸው እዚያ ነው። ለዚህም ነው በከተማችን ወገቡ ልክ የሆነ ሱሪ የለበሰ ሰው ብዙ የማይታየው።

ገበያው «አባ ገላና» የሚል ስም አወጣላቸው፤ በኦሮምኛ የባሕር አባት እንደ ማለት ነው። የድሮ የጅማ ታላላቆች በፈረሳቸው ስም አባ እገሌ ይባሉ ነበር። ጋሽ ኢስሃቅ ፈረስ ስለሌላቸው በባሕር ተሾሙ።

ሹመታቸውንም አክብረው ይዘውታል። ሰሚር የሚባል የአጋሮ ነጋዴ የሠርግ ሱፍ ሊለካ መጥቶ ሳለ እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ነበር።

«ከሠርጉ በኋላ ወዴት ናችሁ?» አሉት፣ ሜትራቸውን ትከሻው ላይ እየዘረጉ።

«እናቴ ቤት፣ አጋሮ።»

«አጋሮ ማዕበል አለ?»

«ኧረ ጋሽ ኢስሃቅ! እናቴ ራሷ ማዕበል ናት።»

ሱፉ ሲደርስ ኪሶቹ በሙሉ ክዳንና ቁልፍ ነበራቸው። «የባሕር ነፋስ ኪስን አሸዋ ይሞላል» ብለው አስረዱት። ሙሽራው በአጋሮ ጭቃ ላይ፣ ከአሸዋ ተጠብቆ ተሞሸረ።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ቦዩ ሞልቶ ቡናማ ጎርፍ ሱቃቸው ገባ። ባጃጅ ነጂው ዋቅጅራ መንገድ ተዘግቶበት ቆሞ ነበርና አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፦

«አባ ገላና! ይኸው ባሕሩ ራሱ መጣልዎት፤ ጫማዎን ያውልቁ!»

ጋሽ ኢስሃቅ ጥቅል ጨርቃቸውን እንዳቀፉ ጎንበስ ብለው ውኃውን መረመሩት። «ይኼ ጨው የለውም» አሉ በእርጋታ፣ ሸቀጡን አይቶ እንደሚመልስ ነጋዴ።

መርካቶ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ቶሎ አቆምኩ። «ጫማዎን ያውልቁ» የምትለዋ የዋቅጅራ ፈጠራ አይደለችም። የእኔ ናት። ይህን ስጽፍ አሁንም ፊቴን ይሞቀኛል።

ሠላሳ አንድ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። በእኛ ዘመን መማሪያ መጽሐፍ ባሕር ሰማያዊ ቀለም ነበር፤ እኔም በሰማያዊ ጠመኔ ሰሌዳ ሙሉ ባሕር ስዬ፣ ደወል ሲደወል በዳስተር አድርቄዋለሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ በከተማው ሬዲዮ አጫጭር ወጎች አነባለሁ። ባለፈው ዓመት አንድ የጉዞ ወኪል እኔንና ጥቂት ጋዜጠኞችን ሦስት ቀን ወደ ሞምባሳ ባሕር ዳር ወሰደን፤ ተመልሰን እንድናወራለት። ለጉዞው ሱሪ የሰፉልኝ ጋሽ ኢስሃቅ ናቸው። እግሩን ሰፋ አድርገው፣ «እስከ ጉልበትዎ ይጠቀለላል፣ መምህር» ብለው።

ተመልሼም አወራሁ። ሦስት ቅዳሜ ሙሉ! «እዚያ ባሕሩ ራሱ ተነሥቶ ይቀበላችኋል፤ ጫማችሁን አስወልቆ፣ እንደ ደግ ባለቤት እግራችሁን ያጥባል» አልኩ። «ጨዉም የጉልበት ሕመምን ጠርጎ ይወስዳል» አልኩ።

እውነቱ ይህ ነው። በመጀመሪያው ጠዋት እስከ ሆቴሉ አትክልት ጫፍ ድረስ ወረድኩ። ባሕሩ ወደ እኔ መጣ። ተመልሶ እንደሚሄድ በመጽሐፍ አንብቤያለሁ፣ አስተምሬያለሁ፣ በፈተናም ጠይቄያለሁ፤ በዓይን ሲያዩት ግን የሚመለስ አይመስልም። ዞሬ ወደ ሆቴሉ ሮጥኩ። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ሦስቱን ቀን ከመስታወት በስተጀርባ ዓሣ ስበላ ከረምኩ። ያነበብኩላችሁ ግማሹ ከወኪሉ ማስታወቂያ ወረቀት ላይ የተገለበጠ ነው። እግር አጠባውን ከራሴ ጨመርኩት።

ጋሽ ኢስሃቅ ድምፄን በስልካቸው ቀድተው፣ ለገባው ደንበኛ ሁሉ ያሰሙ ጀመር። «መምህር በሬዲዮ እንዳሉት» ሳይሉ ቁልፍ አይተክሉም። እኔ መንገዴን ቀይሬ በሥጋ ቤቶቹ በኩል መዞር ለመድኩ።

አንድ ቀን ግን ባለቤታቸው ወይዘሮ ረሺዳ ያዙኝ። የሱቁን የካውያ ሥራ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፤ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመው ሲተኩሱ ጉልበታቸው ያለቀ ሴት። ከአጋሮ አልፈው ሄደው አያውቁም።

«መምህር፣ ከአረፋ በኋላ ወደ ባሕሩ ልንሄድ ነው፣ ኢንሻአላህ። ፓስፖርቱ ወጣ» አሉኝ። ዓይናቸው ሲያበራ እንደዚያ አይቼ አላውቅም። «የጉልበቴን ክኒንም ትቼዋለሁ። ጨጓራዬን ከሚልጠኝ ባሕሩ ይሻለኛል ብዬ። እውነት ይተወኛል አይደል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። «እንዲያው... ይረዳል ይባላል» አልኩና ሄድኩ። «ይባላል»! ተማሪ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

አራት ቀን በሥጋ ቤቶቹ በኩል ዞርኩ። በአምስተኛው ሱቁ ገባሁ። ጋሽ ኢስሃቅ ብቻቸውን ሱሪ ይቀመቅማሉ፤ ቴሌቪዥኗ ውስጥ አንድ ሰው በጀልባ ይሄዳል።

«ጋሽ ኢስሃቅ፣ ባሕሩ ውስጥ አልገባሁም። አልነካሁትም።»

መኪናቸውን አላቆሙም። «አውቃለሁ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ወገቡን እንዳሰፋልዎት ሱሪውን ካመጡልኝ ቀን ጀምሮ ነዋ! የእግሩን እጥፋት በላላ ነጭ ክር ሰካ ሰካ አድርጌው ነበር። ሲጠቀልሉት ራሱ እንዲበጠስ። እርስዎን ላስቸግር አልፈለግሁም። ክሩ እንደ ነበረ ተመለሰ። አንዲት ስፌት አልተበጠሰችም።»

«ታዲያ ለምን ለሰው ሁሉ...»

«እኔ አየሁ ብዬ አላውቅም፤ እርስዎም ገቡ ብዬ አላውቅም። ‹መምህር በሬዲዮ እንዲህ አሉ› ነው የምለው። ብለዋላ!» ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ። «ደግሞ ያቺ የእግር አጠባዋ ደስ ትላለች። ስለባሕር ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደሷ ያለ አልሰማሁም።»

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ያላዩትን የሚያስጎበኙ ሰዎች ብዬ ስስቅባቸው የኖርኩት ሰውዬ አንዲት ቃል አልዋሹም። ሹመቱ የእኔ ነበር።

«የጉልበቱም...» አልኩ።

አሁን መኪናው ቆመ። «የጉልበቱም ምን?»

«ከማስታወቂያ ወረቀት የገለበጥኩት ነው።»

ከመቀመጫቸው ተነሡ። ከዚያ ቴሌቪዥኗን አጠፉ። ያቺ ቴሌቪዥን በሥራ ሰዓት ስትጠፋ የመጀመሪያዋ ነበር። «ይኼን ለእኔ አይደለም የሚነግሩኝ» አሉ፣ መጋረጃውን እያሳዩኝ። «ይግቡና ይንገሯት።»

ገባሁ። ነገርኳቸው። ወይዘሮ ረሺዳ ካውያውን አቆሙ።

«ወላሂ መምህር፣ በዚህ ዕድሜዎ!» አሉ። «ሦስት ሳምንት ግድግዳ ይዤ ስሄድ የከረምኩት በእርስዎ ሬዲዮ ነው? የሰው ልጅ ያልገባበትን ውኃ መድኃኒት ነው ይላል?»

ጫማዬን አየሁ። እሳቸው ካውያውን መልሰው አንሥተው አንድ ሸሚዝ ሙሉ ተኮሱ፤ ክሳዱን፣ እጀታውን፣ ጀርባውን። እኔ እንደ ተቀጣ ተማሪ ቆሜያለሁ።

«ባሕሩስ?» አሉ በመጨረሻ። «እሱስ አለ?»

«አለ።»

«አይተውታል?»

«በመስታወት።»

«ሰፊ ነው?»

«ወይዘሮ ረሺዳ... ማለቂያ የለውም።» ይህችን ከየትም አልገለበጥኳትም።

ሸሚዙን አጣጠፉት። «እንግዲያው እሄዳለሁ። ክኒኔን ይዤ። ኢስሃቅ ዕድሜ ልኬን ሲያወራልኝ የኖረውን ነገር ሳላየው አልቀርም።» ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። «እርስዎም ይመጣሉ። በአደባባይ ያወሩትን ደግሞ በአደባባይ ይመልሱታል።»

ይህ ጽሑፍ እሱ ነው። ማስታወቂያዬን ሰምታችሁ ጉልበታችሁን ለባሕር ያቆያችሁ ካላችሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ።

ዛሬ ጠዋት ያንን ሱሪ ለብሼ መርካቶ ወጣሁ። ነጩ ክር አሁንም ቁርጭምጭሚቴ ላይ አለ፤ ጋሽ ኢስሃቅ ፈትተው አይጥሉት፣ እኔም መቀስ አላስነካውም። ስራመድ ይፈትገኛል። ዋቅጅራ ባጃጁን አጠገቤ አቀዘቀዘ።

«አካም፣ መምህር! ማዕበሉ እንዴት ነው?»

«አላውቅም» አልኩት። «አልገባሁበትም።»

ባጃጁን ጨርሶ አቆመ። ጋሽ ኢስሃቅ፣ ሜትራቸው አንገታቸው ላይ እንደ ተንጠለጠለ፣ ከሱቃቸው በር ብቅ አሉ።

«‹ገና ነኝ› ይበሉት እንጂ!» ብለው ጮኹልኝ።