ዘንዶዬን ተቀብለው ቡናዬን መለሱብኝ

ሁለት ዓመት የደከማችሁበትን ነገር አንድ ሰው በአንድ ጥያቄ አፍርሶባችሁ ያውቃል? ያውም እጁን በትሕትና አውጥቶ፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንዲት ነገር ብጠይቅሽ ትቀየሚኛለሽ?» ብሎ?

እኔን ዛሬ ጠዋት አጋጠመኝ። በተማሪዎቼ ፊት። በወላጆቻቸው ፊት። በምክትል ርዕሰ መምህሩ ፊት!

ተቀመጡ፣ በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ።

አጋሮ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ያደግኩት ደብረ ማርቆስ ነው፤ እዚህ ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ትርፍ ጊዜዬን የምሰጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰባት መጽሐፍ የሚወጣው የፋንታሲ ታሪክ እየጻፍኩ ነው።

አዎ፣ ሰባት።

የመጀመሪያው አልቋል። «የጫካው ማኅተም» ይባላል። ባጭሩ፣ አንድ ንጉሥ የአስማት እንቅልፍ ይወስደውና አገሩ ሁሉ አብሮት ይተኛል። ሊያነቃቸው የሚችለው ዘንዶ ከሚጠብቀው ዛፍ የተለቀመ ቡና ብቻ ነው። ሶሬቲ የምትባል ልጅ ከዚያ ዛፍ ሰባት እፍኝ ቀይ ቡና ትሰርቅና በቆዳ ከረጢት ቋጥራ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ትሮጣለች። ዘንዶው ከኋላዋ ነው።

አሪፍ አይደል? እኔም አሪፍ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት የሚሰበሰብ የንባብ ክበብ አለኝ። ምክትላችን ያንን ሰዓት ለሒሳብ ቱቶሪያል ይፈልጉታል። ስንጨቃጨቅ ከረምንና ወላጆች ይወስኑ ተባለ። ይመጣሉ፣ ክበቡ የሚሠራውን ያያሉ፣ እጅ ያወጣሉ። ካሸነፍኩ ሰዓቱ የእኛ ነው። ከተሸነፍኩ ክበቡ ቤት የለውም።

ታዲያ ምን ላንብብላቸው? የራሴን መጽሐፍ ነዋ!

(ዝም በሉ። አውቃለሁ።)

ዝግጅቴ እንከን አልነበረውም። የምናቤን አገር ካርታ ጅማ ሄጄ ባነር ላይ አሳተምኩ፤ ሁለት ሜትር። ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የማን ሰርግ ነው ብለው ጠየቁኝ።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ቤቱ ሞላ። ካርታውን ሰቀልኩ። ተራሮቹን አስረዳሁ። ወንዞቹን አስረዳሁ። የአገሩ ዓመት አሥራ አንድ ወር እንዳለውና ለምን አሥራ አንድ እንደሆነ አስረዳሁ። የነገሥታቱን የዘር ሐረግ ስጀምር ሁለት አባቶች ከንጉሡ ጋር ተኙ።

ከዚያ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያኔ ነገሩ ተለወጠ። ዘንዶው ሲነቃ ልጆቹ እርስ በርስ ተያያዙ። የተኙትም ነቁ። ሶሬቲ ከረጢቱን አንጠልጥላ ገደሉን ስትዘል አዴ ዘሃራ «ያ ረቢ» አሉ። አዴ ዘሃራ የአንዷ ተማሪዬ እናት ናቸው፤ ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ይሠራሉ። እሳቸውን ካስደነገጥኩ ክበቡ ተረፈ አልኩ በልቤ።

ሰባተኛው ቀን ላይ ደረስኩ። ሶሬቲ ከረጢቱን ፈታች። ቀያዮቹ ፍሬዎች ልክ አሁን እንደተለቀሙ ያበሩ ነበር።

አንድ እጅ ወጣ።

አባ ዲጋ ናቸው። የአንዱ ተማሪዬ አያት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ውስጥ የኖሩ ሽማግሌ። ትቀየሚኛለሽ ወይ ያሉኝ እሳቸው ናቸው። ምን ቅያሜ አለ፣ ይጠይቁ አልኳቸው።

«ከረጢቱ ሰባት ቀን እንደተቋጠረ ነው?»

አዎ አልኩ፣ በኩራት።

«ቡናው ሳይፈለፈል? እንደ እሸቱ?»

«አዎ፣ አባባ።»

ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። ጎረቤታቸው ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚህ አገር ላልኖራችሁ ላስረዳ። ቀይ ቡና፣ እሸት የሚሉት፣ በተለቀመበት ዕለት ወይ ይፈለፈላል ወይ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ተቋጥሮ ካደረ ይሞቃል፤ ከሰነበተ ይሻግታል፣ ይሸታል። ይህን አጋሮ ውስጥ የስድስት ዓመት ልጅ ያውቃል። የጂኦግራፊ መምህርቷ ግን ሰሌዳ ላይ «ቡና አብቃይ አካባቢዎች» ብላ በአረንጓዴ ጠመኔ ስትቀባ ከርማለች።

እዚህ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ፋንታሲ ማብራሪያ ጀመርኩ። ምናባዊ ዓለም እንደሆነ፣ በምናባዊ ዓለም የተፈጥሮ ሕግ እንደማይሠራ፣ ከረጢቱም አስማት ሊኖረው እንደሚችል።

አባ ዲጋ በትዕግሥት አስጨረሱኝ።

«ዘንዶውን ተቀብዬሻለሁ» አሉ። «ዘንዶ አይቼ አላውቅም፤ ይበራል ካልሽ ይበራል። ቡና ግን አይቻለሁ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ደግሞ የራሴ ክበብ ነው!

ከዚያ በኋላ መድረኩ የእኔ አልነበረም። አንዱ አባት፣ ንጉሡ ያንን ቡና ከጠጣ መንቃቱስ ይነቃል፣ ሮጦ የሚሄደው ግን ወደ ዙፋኑ አይደለም አሉ። አዴ ዘሃራ ደግሞ ልጅቷ ወንዝ ዳር ቆማ መፈልፈል፣ ማጠብ፣ ከዚያ አልጋ ላይ አስጥታ ማገላበጥ ነበረባት አሉ። አልጋ የሚሉት ቡና የሚደርቅበትን የሽቦ ቆጥ ነው።

ስንት ቀን ይፈጃል? ፀሐይ ካለ አሥር ቀን። ዘንዶው አሥር ቀን ይጠብቃታል? አይጠብቃትም። ታዲያ ማን ይደብቃታል? አንዱ፣ እንግዳ ከበር አይመለስም፣ የትኛውም ቤት ያስገባታል አለ። ሌላው ዘንዶ እየተከተላት ማን ሞኝ በሩን ይከፍታል አለ። በኦሮምኛም በአማርኛም ተከራከሩ። ሁለት ሜትሩን ካርታዬን ዞር ብሎ ያየው ሰው የለም።

ምክትላችን ሰዓታቸውን አዩና እጅ አውጡ አሉ።

ተሸነፍኩ።

በጥቂት እንዳይመስላችሁ። አባ ዲጋ ራሳቸው ለሒሳብ እጃቸውን አወጡ! ሳያቸው ጊዜ «የልጅ ልጄ ሒሳብ ወድቋል፣ ምን ላድርግ» አሉኝ። ልጁ ጂኦግራፊም ወድቋል፤ እሱን አልነገርኳቸውም።

ምክትላችን በር ላይ አግኝተው አጽናኑኝ። ቀለል ያለ ነገር ብጽፍ፣ ለምሳሌ ስለ ግል ንጽሕና አጭር ድራማ፣ ለሰልፍ ሥነ ሥርዓት ይሆናል አሉ።

ስድስት መጽሐፍ ይቀረኛል አልኳቸውና ባነሬን ተሸክሜ ወጣሁ።

አዴ ዘሃራ ግቢው በር ላይ ቆመው ነበር። ሶሬቲ የት ተደበቀች ብለው ጠየቁኝ። ገና አልጻፍኩትም አልኳቸው።

«ጻፊዋ። እኛ ከሰዓት አልጋው ላይ ብልሹውን ስንለቅም እጃችን ነው የሚሠራው፣ ጆሯችን ባዶ ነው። ልጆችሽን ይዘሽ ነይና አንብቢልን፤ ተቆጣጣሪውን እኔ አናግረዋለሁ።» ሁለት እርምጃ ሄደው ዞር አሉ። «ካርታውን ግን ተይው።»

ስለዚህ ማስታወቂያ! የንባብ ክበባችን አልተዘጋም። ቅዳሜ ከሰዓት ማጠቢያ ጣቢያው ነው። ወንበር የለም። ጣሪያ የለም። ዳመና ከመጣ ሁሉም ሰው ንባቡን ጥሎ ቡናውን ሊሸፍን ይሮጣል፤ እኔም እሮጣለሁ።

«ቡናውን ትተሽ ለምን ወርቅ አታደርጊውም?» ብላችሁ ኮመንት ልትጽፉ እንደሆነ አውቃለሁ። አላደርገውም። ዘንዶውም አይቀነስም። ከሰባቱ አንድ መጽሐፍ አይጎድልም። የሚለወጠው ሶሬቲ ብቻ ናት፤ መሮጧን ታቆማለች። ዘንዶ እየመጣ፣ የማታውቀው ሰው ጓሮ፣ አሥር ቀን ቡና ታገላብጣለች። ከሩጫው ይልቅ ይሄ እኔን ራሴን አስፈራኝ። ዛሬ ከሰዓት አራት ገጽ ጻፍኩ!

እናንተም መሳቢያ ውስጥ የደበቃችሁት ጽሑፍ ካለ ሞክሩት። ስለ ሰይፍ ከሆነ ለብረት ቀጥቃጭ፣ ስለ ባሕር ከሆነ ለዓሣ አጥማጅ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አንብቡለት። እጁን ሲያወጣ ወረቀትና እስክሪብቶ አዘጋጁና «እሺ፣ ታዲያ ባለታሪኬ ምን ታድርግ?» ብላችሁ ጠይቁት።