ጋሽ ተካልኝና የባሕር ዓሣዎቼ

በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ሁሉን አወቅ ጎረቤት ግን ጠፍቶ አያውቅም። ለኛ ለወሎ ሰፈሮቹ የደረሱን ክቡር ጋሽ ተካልኝ ናቸው። ከሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ከምክር ግን ገና አልወጡም። ጉልበቱን ለሚያመው ቅባት፣ ትዳር ለሚፈልግ ሚስት፣ መኪና ለሚያቆም ደግሞ "ና፣ ና፣ በቃ" አላቸው። "በቃ" የሚሉት መኪናው ግድግዳውን ከነካ በኋላ ነው። የጎረቤታችንን የናዲያን ፍሪጅ ገና ሲያዩት "ጋዝ ጨርሷል" አሉ፤ ሶኬቱ ተነቅሎ ነበር። ሲሰካ ታዲያ "አላልኩም?" አሉ።

እኔ ሳሎኔ ውስጥ የባሕር ዓሣ አረባለሁ። የባሕር ዓሣ እንደ መኳንንት ነው፤ ውሃው ትንሽ ከተበላሸበት ይሞታል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ስገባ የገንዳው ውሃ ወተት መስሏል። ዓሣዎቹ ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። ውሃውን በመመርመሪያው ጠብታ ብፈትሸው ቢጫ መሆን ሲገባው አረንጓዴ ሆነ። አሞኒያ ነው፤ ለዓሣ መርዝ። ድንጋዩን ሳነሳ ከሥሩ ትልቋ ቀንድ አውጣ ሞታ በስብሳለች። አወጣኋት። ግማሹ ውሃ ቶሎ መቀየር ነበረበት፤ የባሕር ጨው ግን አልቆብኛል፣ የሚሸጥልኝም ሰው ስልኩ ዝግ ነው።

ጋሽ ተካልኝ በሩን ክፍት አግኝተው ገቡ።

"በርዷቸዋል" አሉ።

"አሞኒያ ነው ጋሼ።"

"ሎሚ ጠብ አድርግበት።"

"ይሞታሉ። የባሕር ጨው ነው ያጣሁት።"

"ጥሩነሽ ሱቅ ሞልቶ የለም እንዴ? ጨው ጨው ነው።"

"የወጥ ጨው አይሆንም። እባክዎ ጋሼ፣ ዛሬ እንኳ ይተዉኝ።"

ዝም ብለው ወጡ። እሳቸው ዝም ሲሉ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ። ከብርቱካናማዎቹ ዓሣዎች አንዱ በጎኑ ማዘንበል ጀመረ። አየር መንፊያውን ከፍ ከማድረግ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ተመልሰው መጡ። ከኋላቸው ሁለት ጀሪካን የተሸከመ የማላውቀው ወጣት አለ።

"ሚስባህ ይባላል፤ ከየካ አባዶ ነው። እንዳንተው ዓሣ ያረባል። አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ተገናኝተን መክሬዋለሁ።"

"ስልክህን ካልሰጠኸኝ አልወርድም ብለውኝ ነው" አለ ሚስባህ ጀሪካኖቹን እያስቀመጠ። "ውሃው ለራሴ የበጠበጥኩት ነው፤ በባሕር ጨው። ዛሬ ሲደውሉልኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም።"

ከተበላሸው ግማሹን ቀድተን ደፋን፤ የሱን ቀስ እያልን ጨመርን። ጋሽ ተካልኝ ባልዲ እያቀበሉ "ቀስ፣ ቀስ" ይላሉ። ከዚያ ሦስታችንም ሶፋው ላይ ተደርድረን ጠበቅን። ያዘነበለው ዓሣ ቆይቶ ቀና አለ፤ ወደ ታችም ወርዶ ድንጋዩን ይዞር ጀመር። እኔም ያን ጊዜ ተነፈስኩ።

"አላልኩም?" አሉ ጋሽ ተካልኝ። ምን እንዳሉ ማንም አልጠየቃቸውም።

በሳምንቱ ለሥራ ወደ ሐዋሳ ስሄድ ቁልፌን ሰጠኋቸው። "ምንም አይንኩ፣ ምንም አይጨምሩ" ብዬ አደራ አልኳቸው። ሞጆን ሳናልፍ ደወሉ።

"ሁሉም ደህና ናቸው። ጨዉ ግን ትንሽ የበዛ ይመስለኛል።"

"በምን አወቁ ጋሼ?"

"በምን ይታወቃል? ቀምሼው ነዋ።"

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት ምን እንዳሳቀኝ ለማወቅ ዞር ብላ አየችኝ።

"ማታም ይደውሉልኝ" አልኳቸው።