የሰይድ ባክቴሪያዎች

ሆዱን እንደ እንግዳ ማረፊያ የሚያስተዳድር ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ገጥሞኛል። መካነ ሰላም ውስጥ አብሮኝ የሚያስተምረው ሰይድ ነው። በስልኩ ስለ ጥሩ ባክቴሪያ ቪዲዮ ካየ ወዲህ «ደህና አደርክ?» ማለቱን ትቶ «እርጎ ጠጣህ?» ይላል። ነጭ ሽንኩርት ሲበላም «የእነሱ ቀለብ ነው» እያለ ሆዱን ይደባብሳል።

በቅርቡ ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ አባት ሊጠይቅ ወረኢሉ ሲሄድ አብሬው ተሳፈርኩ። ሽማግሌው አባቷ ሆዳቸው እየተነፋ ያስቸግራቸዋል። ሰይድም ጥሩ ባክቴሪያ አለው ብሎ በጨው የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ለእሳቸው በጠርሙስ አጭቆ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጎ ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው ቢያየው ኖሮ ጎመኑ ሲብላላ የሚፈጥረው ጋዝ እንዲወጣ ክዳኑ መላላት እንዳለበት ይሰማ አልነበር?

አውቶቡሱ ሲንገጫገጭ ጠርሙሱ ዷ! አለ። ሾፌሩ «ጎማ ፈነዳ!» ብሎ ወረደና ጎማውን ሁሉ እየዞረ ይረግጥ ጀመር። ጎመኑ ግን ጣሪያው ላይ ነው፤ ከፊሉም ከፊታችን የተቀመጡት እናት ሻሽ ላይ።

«ያ ረቢ! ምንድን ነው የሚሸተኝ?»

«አይዞዎት እማማ፣ ጥሩዎቹ ናቸው» አላቸው ሰይድ።

ወረኢሉ ስንደርስ ሰይድ ባዶ እጁን፣ ጎመን ጎመን እየሸተተ ሽማግሌው ፊት ቆመ። ልጃቸውን እንዳይከለክሉት እየፈራ የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። ሽማግሌው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሳቁ፤ በመጨረሻም ቤቱን የሚያናውጥ ግሳት አገሱ።

«አልሐምዱሊላህ! ቀለለኝ እኮ! ሽማግሌ ላክ ልጄ» አሉት።

ሰይድ በደስታ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለና «አየህ? ሽታው ብቻ እንዲህ ካደረገ፣ ቢበሉትማ!» አለኝ።