ስፒል ግምገማ

ስፒል ስገዛ አጠገቤ የሚቆም ሰው የለም። ባሌ ድሮ ይቆም ነበር። አንድ ቀን የስፒሉን ጫፍ በበርኖሱ ላይ ልሞክር ብዬ ክንዱን አገኘሁት፤ ከዚያ ወዲህ መሐል ሜዳ ገበያ ስንደርስ እሱ ወደ በግ ተራ፣ እኔ ወደ ሱቁ።

ምን ላድርግ? ለልብስ ሰፊ ስፒል ዝም ተብሎ ይገዛል እንዴ? መጀመሪያ ጫፉን ጥፍሬ ላይ እስበዋለሁ፤ ከቧጠጠኝ ጫፉ ተቆልምሟል። ቀጥሎ በሁለት ጣቴ ጎበጥ አድርጌ እለቀዋለሁ፤ ካልተመለሰ ብረቱ ልል ነው። በመጨረሻ የነጠላዬን ጫፍ እወጋበታለሁ። ክር ሳይስብ ካለፈ ያ ስፒል የእኔ ነው። ደርግ ወድቆ ቀበሌው ሁሉ ግምገማ በግምገማ የሆነበት ሰሞን ስለነበር፣ ሌላው ሊቀመንበር ሲገመግም እኔ ስፒል እገመግማለሁ። ባለሱቁ አንድ ቀን መረረውና፣ «እትዬ ዘነቡ፣ ስፒል ነው የሚገዙት ወይስ ለልጅዎ ሚስት እየመረጡ ነው?» አለኝ።

«ሚስትማ አማት አለችላት፤ ብትዶለዱም ትስላታለች። ስፒሉን ማን ይስልልኛል?» አልኩት።

አፌ እንደሆነ አያርፍም። ቀበሌ ግለ ሂስ አድርጉ ሲሉን ግን ዝም ያልኩ እኔ ነኝ። እስቲ ዛሬ ላድርገው።

የደብራችን መሪጌታ ካባ እንድሰፋላቸው ጥቁር ከፈይ ይዘው መጡ። እኔ እስከዚያ ድረስ የሰፋሁት የተማሪ ዩኒፎርምና የበርኖስ ቀዳዳ ነው። ካባው ለዓመቱ ንግሥ ደርሶ ካማረ የአምስቱን መዘምራን ካባም እንደምሰፋ ነገሩኝ። ካላማረ ጨርቁ ደብረ ብርሃን ላለ ሰፊ ይሄዳል። የደብረ ብርሃን ሰፊ! የእሱን ነገር ስሰማ ሆዴ ይቃጠላል፤ ሰውየውን አይቼው እንኳ አላውቅም።

ከፈይ ተንኮለኛ ጨርቅ ነው። ሁለቱን ስታጋጥሙት ጠጉሩ ይገፋፋና ይንሸራተታል፤ በወፍራም ስፒል ከወጋችሁት ደግሞ ጠባሳው አይጠፋም። ቀጭን፣ ሹል፣ አናቱ ጤፍ የሚያክል ስፒል ይፈልጋል። ግማሽ ቀን ሱቁ ውስጥ ቆሜ መረጥኩ። ሰካሁ፣ ሰፋሁ፣ ነቀልኩ። የሰካሁትን ያህል መንቀሌን ቆጥሬ ነበር? ምን በወጣኝ! ቆጠራ ለጀማሪ ነው።

ንግሡ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ወረቡ ሲጀመር ከሴቶቹ መካከል ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ ከካባው አይነቀልም። መሪጌታ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሲራመዱ እንኳ አቧራ አያስነሡም። ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ግን ከመሬት ዘለሉ! ሕዝቡ እልል አለ። ወደ ግራ ዘመም አሉ፣ ደህና። ወደ ቀኝ ዘመም ሲሉ ሌላ ዝላይ። ከበሮ መቺው በደስታ አፈጠነ። ከበሮው በፈጠነ ቁጥር ያጎነብሳሉ፤ ባጎነበሱ ቁጥር ይዘላሉ። መቼም በወረብ መሃል ካባ አይወለቅ! አጠገቤ የቆሙ ባልቴት እንባቸውን እየጠረጉ፣ «አዬ ጸጋ! በዚህ ዕድሜያቸው መንፈስ እንዲህ ይውረድባቸው!» አሉ።

የወረደባቸውን የማውቀው እኔ ነበርኩ። ቀኝ ትከሻቸው ላይ ነው፤ በከፈዩና በገበሩ መካከል።

የሚያንገበግበኝ ምኑ መሰላችሁ? ተራ ስፒል ቢሆን ገበሩ ውስጥ ተወትፎ ይቀር ነበር። የእኔው ምርጥ ግን ከሥር የለበሱትን ኮትም ሹራብም አልፎ፣ አንድ ክር ሳይስብ ገብቷል።

በማግስቱ መሪጌታ መጡና ስፒሉን በመዳፋቸው ላይ አሳዩኝ። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ፣ ተነሺ። ሕዝቡ ጸጋ ነው ብሏል፤ እኔ ስፒል ነው ብዬ ላሳፍረው?» አሉ። ትከሻቸውን እያሻሹም፣ «የአምስቱን ጨርቅ እልክልሻለሁ። ግን ቁጠሪ፣ ልጄ!» አሉኝ።

ቆጠርኩ። ስሰካ ቆጠርኩ፣ ስነቅል ቆጠርኩ። አልበቃኝም፤ አምስቱንም በየተራ ባሌን አልብሼ ግቢው ውስጥ አስሸበሸብኩት። «ሳልቀስስ ልትገድዪኝ ነው» እያለ ሲያጎነብስ ዋለ። አንድም ስፒል የለም። በሚቀጥለው ንግሥ አምስቱ ተሰልፈው ሲወርቡ ካባዎቹ ትከሻቸው ላይ እንደ ውሃ ፈሰሱ። እኔም ኮራሁ።

ወረቡ እንዳበቃ ከመዘምራኑ አንዱ ፊቱን አኮሳትሮ ወደ እኔ መጣ።

«እትዬ ዘነቡ፣ የመሪጌታን ካባ ነፍስዎን ሰጥተው ነበር የሰፉት። የእኛን ግን እንደ ነገሩ።»

«ምኑ ጎደለብህ፣ ወንድሜ?»

«እንጃ። ባጎነብስ ባጎነብስ ምንም አልመጣልኝም።»

ስፒል ለረሳሁበት ካባ መሪጌታ አፌን ሳልከፍት ምረውኛል። ባንዲት ክር እንኳ ለማይታማው ካባ ግን እጅ ነሥቼ ይቅርታ ጠየቅሁ።