ከልጄ ጋር አርባ ደቂቃ

ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ጋደም ባልኩበት ያየሁትን ሕልም ልንገራችሁ፤ ሳልረሳው፣ ሌላ ሕልምም ሳይደረብበት።

መጀመሪያ ግን ልጄን እወቋት። ነጃት ትባላለች፤ ሥራዋ አረጋውያንን በቪዲዮ ማማከር ነው። ደሴ፣ እኔው ቤት፣ ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለው ክፍል በሯን ዘግታ፣ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ከየከተማው ከሚደውሉ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ጋር ስታወራ ትውላለች። ልጅ የራቃቸው አሉ፣ እንቅልፍ እምቢ ያላቸው አሉ፣ ባል የሞተባቸው አሉ። ለእያንዳንዳቸው አርባ ደቂቃ ትሰጣለች። እነሱ የሚሉት አይሰማኝም፤ እሷ የምትላቸው ግን በግድግዳው አልፎ ይመጣል። «እሺ የኔ እናት፣ ይቀጥሉ፣ እየሰማሁዎት ነው» ትላለች። እንደዚያ ያለ ድምፅ እንዳላት እኔ የወለድኳት አላውቅም ነበር። ለእኔ የቀረልኝ ድምፅ «እማ፣ ቀስ በይ፣ ሰው ይዣለሁ» የሚለው ነው።

ከሁሉም የባሰችው እማማ አስካለ የምትባለው የአዲስ አበባዋ ናት። ማክሰኞና ዓርብ፣ ስምንት ሰዓት ላይ ትደውላለች። ትናንት ማክሰኞ ነበር። ነጃት ከእሷ ጋር ከልቧ ስትስቅ ሰማኋት። እኔ ጋ እንደዚያ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ። ያን ሳቅ ላለመስማት ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ጆሮ መክደኛ የለውማ።

በሕልሜ ተነስቼ የነጃትን በር ከፈትኩ። በሩ ላይ አንዲት አህያ ኮፍያ አድርጋ ቆማለች፤ ሸክሟን ሁለት ጎረምሶች ተሸክመውላታል። መታወቂያዬን ከጉያዬ አወጣሁ። አላየችውም።

«ጉልበትሽን» አለችኝ።

ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ አሳየኋት። ጉልበቴ ያለ እኔ ፈቃድ መናገር ጀመረ። ደረጃውን፣ የክረምቱን ብርድ፣ የሶላቱን ስግደት፣ አንድም ሳያስቀር ነገራት። አህያዋ በጥሞና ስትሰማው ቆየችና «እሱ ይግባ፤ አንቺ እዚህ ቆዪ» አለች። ጉልበቴ ገባ። እኔም ተከትዬው ገባሁ፤ ምን ላድርግ፣ አብረን ነው የኖርነው።

ውስጡ የልጄ ክፍል አልነበረም፤ የቀበሌ አዳራሽ ሆኗል። አማካሪዎች፣ ሐኪሞች፣ ዳኞች፣ የቀበሌው ጸሐፊ ሳይቀር የወረፋ ቁጥር ጨብጠው አግዳሚ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች የስልክ መስታወት ነው። መስታወቱ በትንንሽ መስኮት ተከፋፍሎ በየመስኮቱ አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። በዚያ አገር መካሪዎቹ አረጋውያን ናቸው፤ ወጣቱ ቀጠሮ ይዞ እየመጣ ያለቅሳል። አንድ ሽማግሌ የሚያለቅስለትን ሐኪም እየሰማ በመስኮቱ ጠርዝ እጁን አሾልኮ ከጎረቤቱ ጨው ይቀበል ነበር። ሐኪሙ አፍንጫውን ጠርጎ «ደግሞ ማንም አመሰግናለሁ አይለኝም» ይላል።

ጎን በኩል ማስታወቂያ ተለጥፏል። እኔ ፊደል የጀመርኩት በስልሳ ዓመቴ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ጣቴን እያስከተልኩ ቀስ ብዬ አነባለሁ። ጣቴን ወደ ማስታወቂያው ስሰድ ፊደሎቹ ከግድግዳው ዘለው ወረዱ። አንዱ ፊት ለፊቴ ቆመና የራሱን ጣት ግንባሬ ላይ አድርጎ እኔን ያነበኝ ጀመር፤ እንደ ጀማሪ እየተንተባተበ።

«ቅ… ና… ተ… ኛ» አለ።

ሌሎቹ ፊደሎች አጨበጨቡለት። መምህሬ አቶ ይማም ከተማሪ ወንበር ላይ ሆኖ «ጎበዝ፤ አሁን ሳትቆራርጥ ድገመው» አለው። ሳይቆራርጥ ደገመው። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ።

ከዞሩት ፊቶች አንዱ የነጃት ነበር። ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት የሚል ቁጥር ይዛ ተቀምጣለች። ዓይኗ ቀልቷል። ሮጥ ብዬ ሄጄ ማንን እንደምትጠብቅ ጠየቅኳት። እማማ አስካለን አለችኝ። ወረፋውን በዓይኔ ተከተልኩት፤ ሰው ሁሉ የተሰለፈው ለእማማ አስካለ ነው። ትራፊክ ፖሊሱ ለእሷ ነው። ሙሽሮቹ ለእሷ ናቸው። ዝናቡም ጥግ ላይ ቆሞ እየተንጠባጠበ ተራውን ይጠብቃል።

«እኔ አለሁልሽ አይደል፣ ልጄ?» አልኳት። «እኔ ጋ ወረፋ የለም።»

ነጃት ትሕትና በሞላው ዓይን ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ይቅርታ እናቴ» አለች፣ «እርስዎ የማን እናት ነዎት?»

ዞሬ ግድግዳው ላይ ወጣሁና አንድ ባዶ መስኮት አግኝቼ ተቀመጥኩበት። ሻሼን አስተካከልኩ፣ እጄን እንደ ትልቅ ሰው አጣጥፌ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። ከስር፣ ከጎን፣ ከላይ ሰው ያለቅሳል፣ ይመከራል፤ የእኔ መስኮት ግን ጭር ብሏል። ቢጨንቀኝ አንገቴን አውጥቼ እንደ ታክሲ ረዳት መጣራት ጀመርኩ። «ምክር፣ ምክር፣ አንድ ሰው የቀረው» እላለሁ። ባዶ ታክሲ ይዞ እንደሚዋሸው ረዳት እኔም ዋሸሁ።

በስተመጨረሻ አንዲት ፍየል መጣች። መነጽር አድርጋ፣ ማኅደር በብብቷ ይዛለች። ደንበኛ መስላኝ ደስ ብሎኝ ቦታ ለቀቅኩላት።

«የእናትነት ፈቃድሽን ላየው» አለችኝ።

መውለዴን፣ ማጥባቴን፣ ኩፍኝ ሲይዛት ሦስት ሳምንት ቁጭ ብዬ ማንጋቴን ነገርኳት። ፍየሏ ማኅደሯን እያገላበጠች ያ የድሮ ነው አለች፤ ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የእኔ ካለፈበት ቆይቷል። ያለኝ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ የአንደኛ ዓመት የጎልማሶች ትምህርት የምስክር ወረቀቴ። እሱን ሰጠኋት። ገልመጥ አድርጋ አየችው፣ ከዚያ በላችው።

«ጨው ያንሰዋል» ብላ መስኮቴን በሰኮናዋ ዘጋችው።

እኔ ግን ከመዘጋቱ በፊት ሾልኬ ወጥቻለሁ። በሰው መስኮት ጠርዝ ላይ እየረገጥኩ፣ ስንቱን ሽማግሌ ይቅርታ እየጠየቅኩ፣ እማማ አስካለ ጋ ደረስኩ። የእኔው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ትከሻዋ ላይ የጣለችው ልብስ የእኔ ነው። በአንቱታ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ቅናት ግን አንቱታ አያውቅም።

«ልጄን ልቀቂልኝ» አልኳት።

«መች አሰርኳት?» አለች። «ማክሰኞ ማክሰኞ በእግሯ ነው የምትመጣው።»

«አንድ ነገር ደግመሽባታል። ያለ መተት እንዲህ አትሆንም።»

«በምን አፌ ልደግምባት? ጥርስ እንኳ የለኝም፤ አስማቱ ግማሽ መንገድ ላይ ይፈስብኛል።»

ልስቅ ነበር፤ ያዝኩት። በጠላት ቤት አይሳቅም። ታዲያ ምን ብታወሪያት ነው ስል ጠየቅኳት። አስካለ ጣቷን እያጠፈች አልቆጠረችም፤ እንደመጣላት ነገረችኝ። ያመማትን ታወራታለች። ሞትን እንደምትፈራ፣ ምራቷን እንደማትወዳት ታወራታለች። ባሏ የሞተ ለት መጀመሪያ የተሰማት እፎይታ እንደነበር፣ በሁለተኛው ቀን ግን የሱን ካፖርት ታቅፋ መተኛቷን ሳይቀር ነግራታለች።

«አንቺስ ምን ትነግሪያታለሽ?» አለችኝ።

አሰብኩ። ረጅም ጊዜ ነው ያሰብኩት፤ ከታች ወረፋው ማጉረምረም ጀመረ።

«እራት ቀርቧል እላታለሁ» አልኩ። «ብርድ ነው፣ ካልሲ አድርጊ እላታለሁ።»

አስካለ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ክፋት አልነበረበትም። የትከሻዋን ልብስ አውልቃ እኔ ላይ ጣለችው። «ያንቺም አርባ ደቂቃ ይድረስሽ እንግዲህ። እኔ ዛሬ ወጣ ብዬ ልንሸራሸር» አለችና በግድግዳው ላይ እንደ ደረጃ ወረደች። ጥግ የቆመውን ዝናብ ክንዱን ይዛው ወጣች።

አህያዋ ሁለት መቶ አሥራ ሁለትን ጠራች።

ነጃት መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ታለቅሳለች ብዬ መሐረቤን አዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ደብተሯን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ከፈተች፣ ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

«እንዴት ዋሉ፣ የኔ እናት?» አለች። «እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ሰሞኑን ምን አስፈራዎት?»

ያ ድምፅ ነው። በግድግዳ ያልተጣራ፣ ትኩሱ። አፌን ከፈትኩ፤ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ድምፅዎ ተዘግቷል፣ የኔ እናት። ከታች ካሉት ቁልፎች አንዱን ይጫኑ።»

ከታች የተደረደረው ብዙ ነው። አንዱን ስጫን ተዘቅዝቄ እግሬ ወደ ላይ ሆነ። ሌላውን ስጫን የድመት ጆሮ በቀለልኝ። ሰዓቱ እየሄደ ነው፤ ከአርባው ደቂቃ ሠላሳ ሦስቱ አልፏል። ነጃት አልተቆጣችም፣ አልቸኮለችም፤ አይዞዎት፣ እኔ የትም አልሄድም አለችኝ። ሦስተኛውን ተጫንኩ። ድምፄ መጣ፤ አዳራሹን ሞላው።

«ነጃት» አልኩ። «አባትሽ ከሞተ ጀምሮ ቀን ቀን ይህ ቤት ያስፈራኛል። አንቺ በርሽን ስትዘጊ እኔ ሳሎን ውስጥ የተረሳ ዕቃ እሆናለሁ። ፊደል የጀመርኩት ለቁርአኑ ትርጉም ነው ብዬ ለሰው አወራለሁ። ውሸት ነው። ጠረጴዛሽ ላይ የምታስቀምጪውን የቀጠሮ ወረቀት ላነብ ነው። አነበብኩት። አሥራ አንድ ስም ነው ያለው። እኔ የለሁበትም።»

መጻፏን አቆመች። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ መስታወቱ ተጠጋች፤ ትንፋሿ መስታወቱን አደበዘዘው።

«ይቀጥሉ» አለችኝ፣ «እየሰማሁዎት ነው።»

ልቀጥል አፌን ስከፍት የግድግዳው መስኮቶች በሙሉ ባንዴ ጨለሙ።

ነቃሁ። መብራት ሄዷል። ፍሪጁ ዝም ብሏል፣ ሰፈሩም ዝም ብሏል። የነጃት በር ተከፈተና እየተነጫነጨች ወጣች፤ ዋይፋዩ ጠፍቶ እማማ አስካለ ወሬያቸው መሃል ላይ ተቋርጠውባታል። መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ፣ እግሬ ሥር ተቀመጠች። ማዳመጫዋን ጉልበቷ ላይ አኖረች። እግሬን በእጇ ያዝ አደረገችው።

«አንቺስ፣ እማ?» አለችኝ። «ሰሞኑን ዝም ብለሻል። እንዴት ነሽ? የእውነቱን ንገሪኝ፤ መብራት እስኪመጣ ጊዜ አለኝ።»

በዚያ ድምፅ ነበር። በዚያው ድምፅ።

ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ሁሉም ነገር ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል፤ የማወጣበትን ቁልፍም በሕልሜ አግኝቼው ነበር።

«እኔ ምን እሆናለሁ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ።»

ትንሽ ጠበቀች። እኔም ጠበቅኩ። ከዚያ ፍሪጁ አጉረመረመ፣ አምፖሉም በራ። ነጃት እግሬን መታ መታ አድርጋ ተነሳች፣ ገባች፣ በሩን ዘጋችው።

«ይቅርታ እማማ አስካለ» ስትል በግድግዳው በኩል ሰማኋት፣ «መብራት ሄዶብን ነው። እሺ የኔ እናት፣ የት ደርሰን ነበር?»