የቀጠሮ ዋዜማ ጻድቅ

ከቀጠሮው አንድ ቀን በፊት የማይጸድቅ ታካሚ በዓለም ላይ የለም። ነገ ሐኪም ሊያየው ነው ሲባል ሰካራሙ ውኃ ይወዳል፣ ሆዳሙ ጎመን ያምረዋል። የዚህ ማኅበር ሊቀ መንበር ግን የመኪና ማሻገሪያ ጀልባው ሠራተኛ ክቡር ቶርጌር ነው ቢባል፣ በተራሮች መካከል በገባው በዚያ የባሕር ሰርጥ፣ በፊዮርዱ ዳር የሚከራከር አይገኝም።

ይህን ከሪግሞር በላይ የሚያውቅ የለም። ሪግሞር በትንሿ ከተማ የጥርስ ክሊኒክ ጥርስና ድድ የምታጸዳ፣ ሳቋን የምትቆጥብ ሴት ናት። ቶርጌር ወንበሩ ላይ ጋደም ከማለቱ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምቦርሸው!" ይላል። እሷም መብራቱን ወደ አፉ እያወረደች "ድድ አይዋሽም፣ ቶርጌር። በል ክፈት" ትለዋለች። የሁለቱ ሰላምታ ይኸው ነው።

በዋዜማው የጀልባ ወለል እንደሚፈትግ ሰው ሲፈትግ ያመሽና፣ ድዱ ግራና ቀኝ ተልጦ ይመጣል። አንድ ቀን ጭራሽ ሥራ ላይ ሳለ ቀጠሮው ትዝ ብሎት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ሲቦርሽ፣ መኪኖቹ ወደቡ ላይ ተሰልፈው ጠበቁት። ካፒቴኑ "ሞተሩ አስቸግሮን ነው" ብሎ ሸፈነለት።

ስኑስ የሚሉት ትምባሆውስ! ያቺን ከላይኛው ከንፈሩ ሥር የሚወሽቃትን የትምባሆ ከረጢት በሩ ላይ ያወጣና ባርኔጣው ውስጥ ይደብቃታል። አንዴ ለሪግሞር ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ሲነሳ ጫማዋ ላይ ዱብ አለች። ዓይኑን በጨው አጥቦ "የማን ናት?" አላት።

"አያቴ እስኪሞት ድረስ በጥርሱ ገመድ ይቆርጥ ነበር" ይላል ስትመክረው።

"አያትህ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ላይ የተኛው፣ እኔም ዛሬ ባረፍኩ ነበር።"

ባለፈው ዓመት በረዶው ሊጀምር ሲል ግን ቶርጌር ያለ ቀጠሮ መጣ። የተለመደውን አዋጁንም አላወጀም።

"ሪግሞር፣ ትነቃነቃለች።"

"ምኗ?"

"የፊቷ ጥርሴ። ጥሩምባውን ሳስነካት ትሸሻለች። ነፋሱ ያመልጠኛል። ባለፈው በዓልም ትንሽ አምልጦኝ ነበር።"

ሪግሞር ማምለጡን ሰምታ ነበር። በየዓመቱ ሜይ አሥራ ሰባት፣ የአገሩ በዓል በሚውልበት ጠዋት፣ ሰልፉና የልጆቹ ጩኸት ሳይጀመር በፊት፣ ሰዉ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ይሰበሰባል። እዚያ ባሕር የበላቸው ሰዎች ስም የተቀረጸበት ድንጋይ አለ። ቶርጌር ብቻውን ፊቱ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ከስሞቹ አንዱ ኢቫር ነው፤ የሪግሞር ታናሽ ወንድም። አስከሬኑ አልተገኘም። የምትሄድበት መቃብር የላትም፤ ያላት ያቺ ዜማ ናት። ቶርጌርም ይህን ያውቃል፤ ሆኖም ሁለቱም አንስተውት አያውቁም።

"በርገን ትልቁ ሆስፒታል ወስደው ድዴን ሊቀድዱኝ ነው አይደል?" አለ። "ያለ ቢላ አይሆንም?"

"መጀመሪያ ያለ ቢላ ነው የሚሞከረው። እስቲ ልይህ።"

በቀጭኗ መለኪያ ድዱን እየዞረች አየች። የኋላዎቹ ከፈራችው ተሻሉ። ፊት ለፊት ግን ድዱ ከጥርሱ ለቆ፣ መለኪያዋ ጠልቃ ገባች።

"እዚህ ጋ ምን ሆነህ ነው?"

"እሱን ቦታ እንኳ አልነካውም።"

"ለምን?"

"ይደማላ! ጥሩምባዬ የሚያርፈው እዚያ ነው። ለበዓሉ ላሳርፈው ብዬ ነው።"

ሪግሞር መሣሪያውን አስቀመጠች። ይህ ሰው በሌላው ሁሉ ሲያታልላት ኖሮ፣ ከልቡ የተጠነቀቀላትን ያቺን አንዲት ቦታ በገዛ ጥንቃቄው ገደላት። ልትቆጣው ፈለገችና አልቻለችም።

"የደማው ስለተውከው ነው፣ የኔ ጌታ" አለችው ቀስ ብላ። "ከድዱ ሥር የተጋገረውን እኔ ፍቄ አወጣዋለሁ። የጠፋው አጥንት አይመለስም፤ ድዱ ግን ከዳነ ጥርሱን አጥብቆ ሊይዝ ይችላል። ግማሹ ሥራ የኔ ነው። ግማሹ በየማታው ያንተ ነው። ስኑሱም ይቀራል።"

"ስኑሱም?"

"ስኑሱም።"

ድዱን እያደነዘዘች፣ ዛሬ በቀኝ ሌላ ቀን በግራ፣ ከድዱ ሥር ፋቀችለት። በጥርስና በጥርስ መካከል የምትገባ ትንሽ ብሩሽም ሰጠችው። በማግስቱ ስልክ ደወለ። "ደማ!" "ቀጥል።" አሁንም ደወለ። "ሪግሞር፣ አሁንም ደማ!" "ቀጥል አልኩህ!" ስኑሱን ፊዮርዱ ውስጥ ወረወረ፤ ሲነጋ ሌላ ገዛ፤ ያንንም ወረወረ። በረዶው ሲቀልጥ ለምርመራ መጣ። ድዱ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆኖ ጠበቃት፤ የፊቷ ጥርስ ግን አሁንም ትንሽ ትነቃነቃለች።

"ለበዓሉ ትደርሳለች?"

"አላውቅም" አለች ሪግሞር። እንዲህ ብላው አታውቅም ነበር።

በበዓሉ ጠዋት ሰዉ ድንጋዩን ከቦ ቆመ። ቶርጌር ጥሩምባውን አነሳ። ዜማው አምና ወደተሰነጠቀበት ቦታ ሲወጣ ሪግሞር ትንፋሿን ያዘች። ድምፁ ወጣ፤ ሳይንቀጠቀጥ እስከ መጨረሻው ዘለቀና ቀስ ብሎ ወረደ። በዚህ ዓመት ኢቫርን ዜማው ሳይጎድል ሸኙት። ሪግሞር መሐረብ እንኳ አልያዘችም፤ እንባዋን በእጇ ጠረገች።

ቶርጌር ጥሩምባውን አቅፎ መጣ።

"ምነው? አመለጠኝ እንዴ?"

"አላመለጠህም።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እኔ እኮ በየቀኑ ነው የምቦርሸው!"

ከዚያም ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳት። ሪግሞር በልማድ ወደ ጫማዋ አየች። ምንም አልወደቀም።